ዩኤችሲ ወይስ ኦ-3? ድሬ ላይ ሆኖ የቴሌስኮፕ ፊልተር ለመምረጥ

መጀመሪያ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ሳቢያን ሰፈር፣ ቤታችን ጣሪያ ላይ የማወጣት፣ የመስታወቷ ስፋት 130 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አለችኝ። አሸዋ ገበያ ስንት ነገር ሲገኝ ፊልተር፣ ማለትም አንዳንዱን ብርሃን አግዶ ሌላውን የሚያሳልፈው መስታወት፣ ግን አይገኝም፤ ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አዘዝኩ። የመጣልኝ ሲኤልኤስ የሚባለው ነው። «የከተማ ብርሃን ያጠፋል» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ውሸት አይደለም፣ ብጫውን የሶዲየም መብራት ይቀንሳል። የእኛ በር ላይ ያለው ግን ነጭ ኤልኢዲ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የሶዲየም መብራት ብርሃኑ በብዛት ብጫና ብርቱካኑ አካባቢ ስለሚከማች ያንን ለይቶ ማገድ ይቻላል። ኤልኢዲ ግን ከሰማያዊ እስከ ቀይ ተዘርግቶ ነው የሚያበራው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ማታ በር ላይ ውጡና መብራታችሁን እዩ። ነጭ ከሆነ ሲኤልኤስን እርሱት።

ዋናው ምርጫ ዩኤችሲና ኦ-3 መሃል ነው። ኔቡላ የሚባለው የጋዝ ደመና እንደ አምፖል ሁሉንም ቀለም አይለቅም፤ ጥቂት የተወሰኑ መስመሮችን (ነጠላ ቀለሞችን) ብቻ ነው። ዩኤችሲ የሃይድሮጂኑን 486፣ የኦክስጅኑን ደግሞ 496ና 501 ናኖሜትር (ቀለሙን የሚለይ የብርሃን ሞገድ ርዝመት) ያሳልፋል። ኦ-3 ሁለቱን የኦክስጅን መስመሮች ብቻ ያሳልፋል። ማጣሪያው ጠበበ ማለት ሰማዩ ይበልጥ ጠቆረ ማለት ነው፤ ግን ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃንም ያንሳል። በእኔ ቴሌስኮፕ ኦ-3 ሳስገባ ኮከቦቹ ከመደብዘዛቸው የተነሳ ፎከስ ማድረግ ራሱ ጣጣ ነው። 200 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ግን ይወደዋል፣ በተለይ ለፕላኔታዊ ኔቡላዎች (እየሞተ ያለ ኮከብ ለተፋው የጋዝ ቅርፊት)። ትንሽ ቴሌስኮፕ ካላችሁ ዩኤችሲ ግዙ። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ጥር ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የኦሪዮን ኔቡላ ከአድማሳችን 75 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ አንገት እስኪታመም ቀና ነው። አንድ ማታ ዩኤችሲውን አይፒሱ (ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ) ላይ ሳላስር በሁለት ጣቴ ያዝኩና በዓይኔና በአይፒሱ መሃል አሳለፍኩት። ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ኮከቦቹ ይደክማሉ፣ ኔቡላው ግን ባለበት ይቀራል። ሳወጣው ተመልሶ ግራጫ ውስጥ ይሰምጣል። ያለ ፊልተር ያየ ቀን «ጭስ ነው» ብሎኝ የሄደ የጎረቤት ልጅ ነበር። አሁን አየና «ጋሼ፣ ክንፍ አለው እንዴ?» አለኝ። አለው።

ለእኛ አገር ሌላም ምክንያት አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ምሽት ላይ የካሪና ኔቡላ በደቡብ በኩል 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። አውሮፓ ያለ ሰው ከቤቱ ጨርሶ አያየውም፤ ለዚህም ነው የእነሱ የግዢ ምክር ላይ ብዙ የማይነሳው። ዝቅ ስለሚል የድሬ አቧራ ይጫወትበታል። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ወይም ሐረር ሆናችሁ ብታዩት የተሻለ ነው፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከአቧራው ጥቂቱን ከእግራችሁ ስር ትታችሁታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጋላክሲና የኮከብ ክምችት ለማየት ሁለቱም አይረዱም። የእነሱ ብርሃን የኮከብ ብርሃን ስለሆነ ሁሉም ቀለም አለበት፤ ፊልተሩ አብሮ ይቆርጠዋል። ለእሱ ገንዘቡን ለትራንስፖርት አውሉት፣ ከከተማ ውጡ።

የጨረቃ ፊልተር? ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 13 በመቶ ብርሃን የሚያሳልፈው ነው። ጨረቃ ዓይን አይጎዳም፣ ያስጨንቃል እንጂ። የእኔ ዓይነት ቴሌስኮፕ የፊት ክዳኑ ላይ የራሷ ትንሽ ክዳን ያላት ቀዳዳ አለች። ትልቁን ዘግታችሁ ትንሿን ክፈቱ፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ በነጻ። ባለቀለሞቹን በደርዘን አትግዙ። 80ኤ የሚባለው ሰማያዊ የጁፒተርን ቀበቶዎች ትንሽ ያጎላል። ሌሎቹ ሣጥን ውስጥ ነው የሚከርሙት።

ፎቶ ላይ ሂሳቡ ይለወጣል። ዓይናችን በጨለማ የማያየውን የሃይድሮጂን ቀይ፣ 656 ናኖሜትሩን፣ ካሜራ ያየዋል። ለቀለም ካሜራ የሚሻለው ባለሁለት መስመር ፊልተር ነው፤ ሃይድሮጂኑንና ኦክስጅኑን አብሮ ያሳልፋል፣ በነጭ የመንገድ መብራት ስርም ይሠራል። ዋጋው ግን ከዩኤችሲ በጣም ይበልጣል። በዚያ ላይ አንዱ ፎቶ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ስለሚፈልግ ሰማዩን የሚከተል ሞተር ያለው መቆሚያ ከሌላችሁ አትንኩት። ተራ የፎቶ ካሜራ ደግሞ ውስጡ ያለው ፊልተር ያንን ቀይ አብዛኛውን ይከለክላል፤ ካልተቀየረ ግማሽ ገንዘባችሁ ባክኗል በሉት። ባለጥቁርና ነጭ ካሜራ ያለው ሰው ለየመስመሩ ሦስት ፊልተር ይገዛል፣ ያ የሀብታም ጨዋታ ነው። በስልክ ጨረቃን ለማንሳት ምንም ፊልተር አያስፈልግም።

ፀሐይ ላይ ቀልድ የለም። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር አይፒስ ላይ የሚታሰር «ሰን» የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር መስታወት ይመጣል። ጣሉት። የተሰበሰበው ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ከተሰነጠቀ ዓይን አይተርፍም። የሚገዛው ከፊት፣ ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት የሚለበሰው ሉህ ነው። 5.0 የተባለው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብቻ ያሳልፋል፣ ለዓይን ነው። 3.8 የተባለው ለፎቶ ብቻ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢላችሁ በእሱ አትዩ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ በከፊል ይታየናል፤ ክረምት ቢሆንም ደመናው ከፈቀደ ብላችሁ ሉሁን አስቀድማችሁ እዘዙ።

ስታዙ ልኩን ሳትጽፉ እንዳትልኩ። አይፒሳችሁን ለኩት፤ አፉ 1.25 ወይም 2 ኢንች ነው። ሲመጣ ደግሞ አቧራውን በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት፣ ሽፋኑ ይጫራል። በላስቲክ ፓምፕ እፍ በሉበት።