የድንበር ልኬት፦ በስልክ አፕ እና በቀያሽ፣ ሁለቱንም አይተናቸዋል

ከጎረቤት ጋር በአጥር ምክንያት ፊት ለተዛዞራችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ባጭሩ ለሚፈልግ፣ ስልክ ላይ የሚጫነው የመሬት መለኪያ አፕ ከ5 ኮከብ 1፣ ቀያሽ ጠርቶ ማስለካት ከ5 ኮከብ 4። ለምን 5 እንዳልሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የኛ ነገር የተነሳው አጥሩ አርጅቶ ዘሞ፣ በቃ ግንብ ይሁን ሲባል ነው። ቆርቆሮ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት ሲቆም ወዴት እንዳዘነበለ ማንም ግድ አልነበረውም፣ ግንብ ሲባል ግን ሁሉም ካርታውን ከሳጥን ያወጣል። ጋሼ (ጎረቤታችን ናቸው) አጥሩ ወደነሱ ገብቷል አሉ፣ እኛ ደሞ ኧረ ወደኛ ነው የገባው አልን።

መጀመሪያ አፑ። ስልኩን ይዛችሁ ጥግ ጥግ ላይ እየቆማችሁ ምልክት ታስቀምጣላችሁ፣ ዞራችሁ ስትጨርሱ ስፋቱን ይነግራችኋል። ማሳው ስንት ሄክታር ነው ለሚል ሰው ምንም አይልም፣ ለሳንቲሜትር ጸብ ግን ዋጋ የለውም። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሆኖ እንኳን ወደ 5 ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል፣ ይሄን እኔ ሳልሆን የአሜሪካ መንግስት ራሱ ስለ ጂፒኤስ በሚያወጣው መረጃ 4.9 ሜትር ብሎ ያስቀመጠው ነው። ግንብ ስር ወይ ዛፍ ስር ስትቆሙ ደሞ ሲግናሉ ነጥሮ ስለሚመጣ ይብስበታል፣ አጥር ያለው ደግሞ ያው ግንብና ዛፍ ስር ነው። የሚያስቀው፣ እኔም ዞርኩ ጋሼም በራሳቸው ስልክ ዞሩ፣ አፑ ለሁለታችንም መሬት ጨመረልን።

ጉግል ኧርዝ (ከሰማይ የተነሳ የመሬት ፎቶ የሚያሳየው አፕ) ላይ መስመር አስምሮ ስክሪንሾት ይዞ የሚመጣም አለ። ፎቶው ሁሌ ልክ ከአናት ላይ ስለማይነሳ ከፍታ ያለው ቤት ዘመም ብሎ ነው የሚታየው፣ ጣሪያው ከመሰረቱ ፈቀቅ ይላል፣ የተለያየ ዓመት ፎቶ ስትቀያይሩ ቤቱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። አጥሩ በየትኛው ጊዜ እንደነበረ እንዳልነበረ ለማሳየት ግን የድሮዎቹ ፎቶዎች አሪፍ ናቸው፣ እሱን አልክድም።

ካርታውም ቢሆን ብቻውን አያስታርቅም። 1 ለ1000 በሆነ ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያላት መስመር መሬት ላይ 50 ሳንቲሜትር ናት፣ 1 ለ2000 ከሆነ 1 ሜትር። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት መስመሯ ውስጥ ሆነው ሊጣሉ ይችላሉ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንደውም የመሬት መዝገቡ ካርታ ላይ ያለው መስመር ተለይቶ ካልተወሰነ በስተቀር ጠቅላላ ድንበር እንጂ ትክክለኛው መስመር አይደለም ብሎ ህጉ ራሱ ያስቀምጣል።

ወደ ቀያሹ ልምጣ። ሰውዬው የደስ ደስ አለው፣ ዝምተኛ ነው፣ ቀጠሮ ላይ ግን ያናድዳል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር የሁለታችንንም ካርታ መጠየቅ ነው፣ የአንዳችሁን ብቻ አይቼ አልለካም አለ፣ እዛ ጋ ወደድኩት። ስራውንም ከአጥሩ አልጀመረም። እኛ አጥሩ ጋ ቆመን ስንጠብቀው እሱ መንገድ ዳር ካለ፣ ኮኦርዲኔቱ (የቦታ ቁጥሩ) ከሚታወቅ ነጥብ ተነስቶ እያያያዘ መጣ። ትራይፖዱን ተክሎ ውሃ ልኩን አይቶ እንደገና አስተካክሎ እንደገና አይቶ፣ ረዳቱ ፕሪዝም (ጨረር የሚመልስ መስታወት) ያለበትን ዘንግ ይዞ ሲዞር ቶታል ስቴሽኑ (ትራይፖዱ ላይ ያለው መለኪያ) ጨረር እየላከ ርቀትና አንግሉን ይይዛል። ሰማዩ ክፍት የሆነበት ቦታ ላይ ደሞ አርቲኬ የሚባለውን ጂፒኤስ ተጠቀመ፣ እሱ እንደ ስልኩ ሳይሆን ቦታው የሚታወቅ ሌላ ጣቢያ ላይ ተመስርቶ እየታረመ ስለሚለካ ስህተቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው።

ከዛ ጓሮ ጥግ ላይ እዚህ ጋ ቆፍሩ አለ። አንድ ስንዝር የሚሆን አፈር ሲነሳ መሃሉ ላይ ብረት ያለበት የኮንክሪት ችካል ወጣ! አፈሩ በጊዜ ብዛት ውጦት እንጂ ችካሉ እዛው ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጠረጉትና ዝም አሉ፣ እኛም ዝም አልን። ውጤቱ፣ አጥሩ በር አካባቢ ወደነሱ 12 ሳንቲሜትር ገብቷል፣ ጓሮ ጋ ደሞ ወደኛ 38 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ጠማማ ስለነበር ሁለታችንም ያልነው ትክክል ነው።

አሁን የቀነስኩት ኮከብ። ሪፖርቱ ኢስቲንግ ኖርዚንግ የሚል (የነጥቦቹን ቦታ ወደ ምስራቅና ወደ ሰሜን በቁጥር የሚያስቀምጥ) ሰንጠረዥ ብቻ ነው፣ ጋሼ ሶስቴ አገላብጠው "ታዲያ የኔ የቱ ጋ ነው ልጄ?" አሉት። አጥሩንና ድንበሩን በተለያየ ቀለም የሚያሳይ ስኬች ጠይቀን ነው የሰራልን፣ ይሄ ሳይጠየቅ መሰጠት ያለበት ነገር ነው። የተከላቸው ችካሎች ደሞ እንጨት ናቸው፣ የልጆች ኳስ አንዱን በማግስቱ ነቀለው። ከመክፈላችሁ በፊት ብረት ወይ ኮንክሪት እንደሚተክል፣ ስኬች እንደሚሰጥ፣ ሪፖርቱ ላይ ፈርሞ ማህተም እንደሚያደርግ ተነጋገሩ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን አብረን መቅጠራችን ነው፣ ሂሳቡን እኩል ከፍለን፣ ሁለታችንም ባለንበት ተለካ። አንዱ ብቻውን ቀጥሮ የሚያመጣውን ወረቀት ሌላው ምን ቢደረግ አያምነውም፣ የራሱን ቀያሽ ያመጣል፣ ከዛ ጠበቃ ይከተላል። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 646 ጎረቤት ጎረቤቱን ድንበር እንዲካለል ማስገደድ ይችላል ወጪውም የጋራ ነው ይላል፣ ህጉ ባያስገድዳችሁም ሃሳቡ ይሰራል። ከልኬቱ በፊትም ውጤቱን እንቀበላለን የሚል ወረቀት ፈርመን ነበር፣ ከልኬቱ በኋላ ቢሆን ማን ይፈርማል?

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀያሽ የሚነግራችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር መሬት ላይ የት እንደሚያርፍ ነው፣ ባለቤቱ ማነው የሚለውን አይወስንም። ብዙ አገር ላይ ለረጅም ዓመት ያለ ተቃውሞ የተያዘ መሬት ለያዘው ሰው መብት ሊያመጣለት ይችላል፣ ስለዚህ ቤት ወይ ኩሽና መስመሩ ላይ ካረፈ መጀመሪያ የህግ ሰው አማክሩ። አሮጌውን አጥር ደግሞ ፎቶ ሳታነሱ እና ሳትፈራረሙ እንዳታፈርሱት።

ቀያሹ ስለ ግንቡ የመከረን ነገርም ብዙ ሰው የማያስበው ነው። 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ከስር መሰረቱ 50 ምናምን ሊሆን ይችላል፣ የግንቡን ፊት መስመሩ ላይ ካሳረፋችሁት መሰረቱ ከመሬት በታች ጎረቤት ግቢ ገባ ማለት ነው። ወይ መሃል ለመሃል መስመሩ ላይ አድርጋችሁ የጋራ ትሉታላችሁ፣ ወይ መሰረቱ ጭምር በራሳችሁ በኩል እንዲቀር ገባ ትላላችሁ። እኛ የጋራ አልነው፣ ሲሰነጠቅ ማን እንደሚያሰራም እዛው ወረቀት ላይ ገባ።

ዛፉ ግን አልተፈታም። ግንዱ ልክ መስመሩ ላይ ነው የቆመው፣ ቀያሹን ስንጠይቀው እሱ የኔ ስራ አይደለም ብሎ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ጋሼ ይቆረጥ ነው የሚሉት፣ እኛ ግንቡ ይዙረው ነው የምንለው፣ እንደዚህ ያጋጠመው ሰው ካለ ምን እንዳደረገ ይጻፍልን።