በሳነቴ ያመለጠን ጠዋት፦ የባሌ ተራሮች የአንድ ቀን ጉብኝታችን

በታኅሣሥ 2017 ከኮሎራዶ ወደ አገር ቤት መጥቼ በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት ብዙ ዓይነት አገልግሎት ተጠቅሜአለሁ። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉና የባንኩ ነገር እንደወትሮው ስለነበር አልጽፍበትም። የምጽፈው እናቴንና የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስላደረግሁት የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። በዚያ ቀን ዕድሜ ልኬን የማልረሳውን አይቻለሁ፤ በዚያው ቀን ግን ከፍዬ የተዋዋልሁበት ጠዋት ነዳጅ ማደያ ወረፋ ላይ ሲያልፍ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። በእኔ የደረሰው ቤተሰቡን ይዞ ለመሄድ በሚያስብ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነገሩን ከነዝርዝሩ ማስቀመጥ ይገባኛል።

አዲስ አበባ ተወልጄ እስከ 19 ዓመቴ ብኖርባትም፣ ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን የባሌ መንገድ ረግጬው አላውቅም ነበር። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ነው ልጄ በአውሮራ ትምህርት ቤቷ ስለ ቀይ ቀበሮ ጽፋ ለክፍል ጓደኞቿ ያቀረበችው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ፣ ሁሉም የሚገኙት በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ እንደሆነ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ እንደሚኖሩ ከእርሷ ነው የሰማሁት። «አባዬ፣ አንተ ግን አይተሃቸዋል?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። የጉዞው ሐሳብ የተወለደው ያን ዕለት ነው።

ጉብኝቱን እዚያው አሜሪካ ሆኜ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ተዋዋልሁ። አቤቱታዬን ለራሱ በጽሑፍ ስላደረስሁ ስሙን እዚህ አላነሣም። ስምምነታችን በዋትስአፕ የሰፈረና ግልጽ ነበር፤ ላንድክሩዘሩ ሮቤ ከተማ ካረፍንበት ሆቴል በር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይገኛል፣ የፓርኩ መግቢያ ጽሕፈት ቤቱ ባለበት በዲንሾ በዋዜማው ይከፈላል፣ አስጎብኚው ሮቤ አድሮ ከእኛ ጋር ይነሣል፣ ምሳ ይቋጠራል፣ ለሦስታችን ሁሉም ተጠቃልሎ 390 ዶላር ይሆናል። ግማሹን አስቀድሜ ላክሁ። በዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከርሁም፤ የተከራከርሁት በሰዓቱ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ብርሃን ስለሆነ፣ የተራራው ሰማይም ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ስለሚደፈን፣ የፓርኩ ከፍተኛ አምባ ሳነቴ ላይ ከፀሐይ ጋር የደረሰ ሰውና ከቀትር በኋላ የደረሰ ሰው አንድ ቦታ ሄዱ ማለት አይቻልም። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ «የሰዓቱን ነገር አደራ» ብየዋለሁ። እርሱም «ጋሼ፣ ምንም አያስቡ፤ የለመድነው ሥራ ነው» አለኝ።

በቀጠሮው ዕለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጋቢዋን ተከናንባ፣ የነቢያት ጾም ስለነበር ቆሎና ዳቦዋን በፌስታል ቋጥራ፣ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። 11 ሰዓት አለፈ፤ 12 ሰዓትም ሆነ። የሾፌሩ ስልክ ዝግ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ይጠራል፣ አይነሣም። ባጃጆች ሥራ ጀመሩ፣ ከሆቴሉ ትይዩ ያለችው ሴትዮ ከሰሏን አቀጣጥላ ሻይ አፈላች፣ እኛ አሁንም በረንዳው ላይ ነን። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንሥቶ «መንገድ ላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢታገሡ ነው» አለኝ። መኪናው የመጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ነው። ሾፌሩ ሌላ እንግዳ ሐዋሳ አድርሶ ሌሊቱን ሲነዳ እንዳደረ ዐይኑ ላይ ይታይ ነበር። ይቅርታ ሲጠይቀን ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እርሱን አልወቅሰውም፤ እንቅልፍ ያላገኘን ሰው አንዲት አሮጊትና አንዲት ልጅ ጭኖ 4,000 ሜትር ተራራ ላይ እንዲነዳ የላከውን ክፍል ግን ዛሬም ይቅር ማለት ከብዶኛል።

ተሳፍረን ጥቂት እንደሄድን የነዳጁ ጠቋሚ ባዶው አጠገብ መድረሱን አየሁ። ናፍጣ ማታውኑ አልተሞላም። ማደያው ዘንድ ስንደርስ አይሱዙዎችና ሚኒባሶች መንገዱን ይዘው ተሰልፈዋል፣ ጀሪካን የያዙ ሰዎች ከመካከላቸው ቆመዋል። የነዳጅ ወረፋ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚሸከመው ችግር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚያም ማንንም አልከስስም። ነገር ግን ችግሩ ለእኔ እንግዳ ቢሆን ለድርጅቱ እንግዳ አልነበረም። ለሌሊት ጉዞ ብዙ ሊባል በማይችል ዝግጅት፣ ማለትም ታንከሩን በዋዜማው ሞልቶ በማደር ብቻ የሚፈታ ነበር። እዚያ ወረፋ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ልጄ በእስትንፋሷ የደፈረሰውን መስታወት በእጅጌዋ እየጠረገች ፀሐይዋ ከፍ ስትል ታያለች፤ በየጊዜው «አሁን እያደኑ ነው፣ አይደል?» ትለኛለች። ልጅን ተስፋ አስቆርጦ እንደማየት ያለ የሚያበሳጭ ነገር የለም።

ነዳጁ ተሞልቶ ሲያበቃ ሾፌሩ መሪውን ወደ ጎባ ሳይሆን ወደ ዲንሾ አዞረ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «ትኬቱ አልተቆረጠም፤ አስጎብኚም ገና አልተያዘም» አለኝ። ዲንሾ ከሮቤ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳነቴ የሚወጣው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ በጎባ በኩል ነው። «ተከፍሏል» ተብሎ በጽሑፍ የተነገረኝ ነገር ጭራሹን አልተጀመረም ነበር ማለት ነው።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ግን በደቂቃዎች ውስጥ አስተናገዱን፤ ደረሰኙን ጻፉልን፣ ከአካባቢው አስጎብኚዎች አንዱን መደቡልን። ይህ ወጣት ሁኔታችንን ከፊታችን አንብቦ እናቴን በእጁ ደግፎ «እማማ፣ እስከዚህ ከመጡ አይቀር አንድ ነገር ላሳይዎት» አለና ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ወዳለው የጥድና የኮሶ ጫካ ወሰደን። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ አንድ የደጋ አጋዘን ከዛፎቹ መካከል ቆሞ አየነው። የተጠማዘዘ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በጎኑ ነጫጭ ነጠብጣብ፣ በሁለት ዐይኖቹ መካከል ነጭ ምልክት ይዞ ያለ ፍርሃት ያየናል። እናቴ አፏን በጋቢዋ ጫፍ ይዛ «ይኼማ የዐሥር ሳንቲሙ ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ከረሜላ ስንገዛበት ያደግንበት የዐሥር ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው እርሱ ነው። ያን ሳንቲም በልጅነቴ ስንት ጊዜ በመዳፌ ጨብጬ ወደ ሱቅ እንደሮጥሁ ልቆጥረው አልችልም፤ በምስሉ ላይ ያለው እንስሳ ግን ከአገራችን ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኝ ሳላውቅ ነው አገር ለቅቄ የወጣሁት።

ጎባን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ከከተማው መውጫ ላይ በማለዳ ወጥተው የሚመለሱ ሁለት ፈረንጆች የያዘች መኪና አገኘን። አስጎብኚዎቹ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ የእኛው ሊተረጉምልኝ ፈራ፤ ስወተውተው ግን ዘጠኝ ቀይ ቀበሮ ማየታቸውን ነገረኝ።

የአስታው ቁጥቋጦ ሲያልቅ ሳነቴ ይከፈታል። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጅብራ የሚባሉ ተክሎች በየሜዳው ቆመዋል፣ ዓለቱን ሽበት የመሰለ ነገር ሸፍኖታል፣ ከውኃ ማቆሪያዎቹ ዳር ዝይዎች ይለቅማሉ። አስጎብኚው ሾፌሩን ቀስ እንዲል አዝዞ ከመኪናው እንዳንወርድ፣ ድምፃችንንም ዝቅ እንድናደርግ ነገረን፤ ቀበሮው መኪና ለምዷል፣ በእግሩ ከቆመ ሰው ግን ይሸሻል። መጀመሪያ ያሳየን ከባሌ በቀር የማይገኘውን ትልቁን ፍልፈል ነው። ከጉድጓዱ እስከ ደረቱ ብቻ ብቅ ይልና በዙሪያው ያለውን ሣር ነጭቶ አፉን ሞልቶ ይመለሳል። እንዲህ ሆነን 40 ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ አስጎብኚው እጁን በሾፌሩ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ መኪናው ቆመ።

ከመንገዱ ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። ቀይነቱ ከደረቀው ሣር ጋር እየተመሳሰለ ለዐይን ያታልላል፤ የሚለየው የጉሮሮው ነጭና የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ሁለቱን ጆሮዎቹን ወደ መሬት ቀስሮ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆመ። ከዚያ ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ብሎ ጥቂት ተጎተተና ዘለለ፤ አፈሩን በሁለት እጁ እየቆፈረ ወደ ኋላው ሲበትነው ታየን፤ ቀና ሲል ፍልፈሉ በአፉ ነበር። ልጄ ትንፋሿን ውጣ የእኔን እጅ ጨምቃ ይዛለች። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ላይ ነበረች። አስጎብኚው በሹክሹክታ በኦሮምኛ «ጄደላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደሚባል፣ ስሙም ለመውለድ የተቃረበችን ባዝራ ከመከተል ልማዱ እንደመጣ ነገረን። ከጥይት ይልቅ የሚፈጀው ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በመሆኑ፣ በአካባቢው ውሾች እንደሚከተቡም አስረዳን። ቀበሮው በልቶ፣ አፉን ሣሩ ላይ ጠርጎ፣ ከጉብታው ጀርባ ገባ። በሰዓቴ 11 ደቂቃ ነበር። እኔ ያን ያህል ዘመን ከአገሬ ርቄ ስኖር ያላለቀስሁትን እዚያ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አላየንም። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ደመናው ወርዶ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ ማየት አስቸገረን። ከአምባው በስተ ደቡብ ቁልቁል የሚወርደው የሐረና ደን፣ የጫካ ቡናው፣ የቀርከሃ ቅጠል የምትበላው የባሌ ጦጣ፣ እስከ ሪራ መንደር ድረስ የታቀደው ሁሉ በሰዓት ማጣት ቀረ። ሊመሽ ስለሆነ ተመለስን። ለምሳ የተቋጠረልን እንቁላል ያለበት ሳንድዊች ነበር፤ እናቴ ጾመኛ መሆኗን አስቀድሜ ብጽፍም በራሷ ቆሎ ውላለች።

ሮቤ ስንገባ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ወደ ዲንሾ ለተጨመረው መንገድ» 70 ዶላር ጨምሬ እንድከፍል ጠየቀኝ። በራሱ ቸልተኝነት የተፈጠረውን መንገድ፣ ቀኔን የበላብኝን መንገድ፣ መልሶ ሊሸጥልኝ ነው። የፓርኩን ደረሰኝ አውጥቼ አየሁት። እናቴ ቀበሌ መታወቂያዋን አሳይታ የተከፈለላት በኢትዮጵያዊ ተመን ነው፤ ድርጅቱ ግን ሦስታችንንም በውጭ ዜጋ ሒሳብ አስከፍሎናል። ልዩነቱ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ አገር ወጥታ የማታውቅን ሴት፣ ልጇ ከውጭ ስለመጣ ብቻ እንደ ባዕድ አስልቶ ዶላር መቀበል ገንዘቡ ካለው በላይ ያንገበግባል። ጭማሪውን አልከፈልሁም፤ ቀሪውን ግማሽ ግን የሾፌሩ ደመወዝ እንዳይያዝበት ብዬ ከፈልሁ።

ከቤቴ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባለው የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መኪና 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ በበጋ የመግቢያው ሰዓት ትኬቱ ላይ ይጻፋል፣ ዋጋውም እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ ለአገሬውም ለውጭ ዜጋውም አንድ ነበር። እዚያ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሰዓት ያሳለፈብኝ የለም። ነገር ግን ንጽጽሩን ሳደርግ የባሌ ሰዎችን ማሳነስ አልሻም፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞችና የዲንሾው አስጎብኚ በየትኛውም አገር ካየኋቸው ጋር እኩል የሚቆሙ ናቸው። የተበላሸው በመካከል ገብቶ ዶላሩን የሚቀበለው ክፍል ነው። ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው አዲስ አበባ ላይ ከመዋዋል ይልቅ አንድ ቀን ቀድሞ ዲንሾ ደርሶ፣ ትኬቱን ራሱ ቆርጦ፣ አስጎብኚውን እዚያው ይዞ፣ ለሳነቴ ቅርብ ወደሆነችው ጎባ ሄዶ ቢያድር ይሻለዋል፤ መኪና የሚከራይም ከሆነ ነዳጁን በዋዜማው በዐይኑ አይቶ ይተኛ።

ለድርጅቱ የጻፍሁት አቤቱታ ሁለት ወር አልፎታል፤ መልስ አላገኘሁም። ከዲንሾው አስጎብኚ ጋር ግን በስልክ እንገናኛለን። እናቴ ባለፈው እሑድ ስደውልላት «ቀበሮውንስ አየሁት፤ ጠዋቱን ግን አላየሁትም» አለችኝ። ለመጪው ታኅሣሥ የጎባውን መኝታ ይዤላታለሁ።