የጄሊፊሽ መከላከያው ልብስ፦ ለባሕር ግዙት፣ ለጣና አትመኑት

ባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ ስለ ጄሊፊሽ (ክሩ ሲነካ የሚያቃጥል፣ ዝልግልግ የባሕር እንስሳ) መከላከያ ልብስ መጻፍ ትንሽ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። እዚህ ጉማሬ የሚፈራ ሰው ሞልቷል። እምቦጭ ሞተሩ ላይ እየተጠመጠመበት የሚያማርር ጀልባ ነጂም ሞልቷል። ጄሊፊሽ የሚያሳስበው ግን አላጋጠመኝም። ቢሆንም ጣና ላይ ዋና ለምደን ጅቡቲ ድረስ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የምንሄድ ሰዎች አለን፣ እና ሊሄድ የተነሳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ያ ከላይ እስከ ታች የሚያጣብቀው ልብስ የምር ይሠራል?» ይሠራል። ግዙት። ግን የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ለይታችሁ ግዙት፣ ሻጮቹ ይሄን አይነግሯችሁም።

ልብሱ ስስ ላይክራ፣ ማለትም የሚለጠጥ ጨርቅ ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ከፊት ወይም ከኋላ ረጅም ዚፕ አለው። ከዌትሱት ጋር እንዳታምታቱት። ዌትሱት ወፍራም ነው፣ ሰውነትን ያሞቃል፣ ይሄኛው አያሞቅም። የጅቡቲ ውሃ ለብ ያለ ስለሆነ ምንም አልበረደኝም፣ ጣና ላይ ግን ገና ፀሐይ ሳይወጣ ለብሶት የገባ ሰው ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ጥሩነቱ ሲታጠፍ ኢምንት ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

መጀመሪያ ሳየው እኔም አላመንኩም። ብርሃን ሊያሳልፍ የደረሰ ጨርቅ መርዝ ያቆማል? ነገሩ ሲገባችሁ ግን ቀላል ነው። ጄሊፊሽ አይነክስም። ረጃጅም ክሮቹ ላይ በዓይን የማይታዩ የመርዝ ከረጢቶች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ መርፌ መሳይ ቀጭን ቱቦ ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ቆዳ ሲነካው ይተኩሳል። ፍጥነቱ ቀልድ አይደለም፣ ሃይድራ በምትባል ትንሽዬ ዘመዱ ላይ ሲለካ ወደ 700 ናኖሰከንድ ነው የወጣው፣ ማለት ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ። ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ ሁሉም ነገር አልቋል። ግን ቱቦው በጣም አጭር ነው። በእሱና በቆዳችሁ መካከል ስስ ጨርቅ ካለ አብዛኛው ሳይደርስ ይቀራል። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አዳኞች እንዲህ ያለ ልብስ ሳይመጣ በፊት የሴት ስቶኪንግ ለብሰው ነበር ውሃ የሚገቡት፣ ግዙፍ ጎረምሳ በስቶኪንግ።

አሁን ወደ ጅቡቲ። ዌል ሻርኮቹ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አካባቢ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ ይመጣሉ። የሚመጡት ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን፣ ሊበሉ ነው። ጉዱ እዚህ ጋ ነው፦ ፕላንክተን ያለበት ውሃ ጄሊፊሽም የሚንሳፈፍበት ውሃ ነው። ፎቶ ላይ የምታዩት ጥርት ያለ ሰማያዊ ባሕር ሁልጊዜ አይጠብቃችሁም፣ ሻርኩ አፉን ከፍቶ የሚበላበት ውሃ ደፍረስ ያለ ነው፣ ከፊታችሁ የሚመጣውን አታዩትም።

እኔም አላየሁትም። ማስክ አድርጌ ወደ ታች እያየሁ ስዋኝ እጅጌዬ ላይ አንድ ነገር ሲያብለጨልጭ አየሁ። እንደ ዓሣ ማጥመጃ ናይለን ቀጭን፣ መስታወት የሚመስል ክር ከክርኔ እስከ እጄ አንጓ ተጋድሟል። ምንም አልተሰማኝም። ጨርቁ ሥራውን ሠርቷል። እጅጌው ሲያልቅ ግን፣ ጓንት ስላልነበረኝ፣ ባዶ የቀረችው ቆዳ ላይ ሳማ እንደገረፈኝ ሆነ። መስመሯ ቀልታ አበጠች፣ እስከ ማታ ስትለበልበኝ አመሸች። ጨርቅ ባለበት ምንም፣ ጨርቅ በሌለበት እሳት። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለዚህ ስትገዙ የምታዩት ጨርቁን ሳይሆን ጫፎቹን ነው። እጅጌው አውራ ጣት ማስገቢያ ቀዳዳ ይኑረው፣ እጃችሁን ስትዘረጉ ወደ ላይ እንዳይሸሽ። አንገቱ ከፍ ይበል። ኮፍያ ያለው ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ ፊትና አንገት ላይ መነደፍ እንደ እጅ ቀላል አይደለም። እግር ላይ ካልሲ ከነፊኑ (እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ የሆነው የዋና ጫማ) ይበቃል።

ሌላው ማንም የማይናገረው ነገር አወላለቁ ነው። ጨርቁ ላይ የተጣበቀው ክር ገና አልሞተም፣ ሞተ ቢባልም ከረጢቶቹ መተኮሳቸውን አይተዉም። ጀልባ ላይ ወጥታችሁ በባዶ እጅ ጎትታችሁ ካወለቃችሁት ያመለጣችሁትን ንድፊያ ያኔ ትቀምሱታላችሁ። መጀመሪያ እዚያው በባሕሩ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየገለበጣችሁ አውልቁ።

በባሕሩ ውሃ ያልኩት በምክንያት ነው። እኛ የጣና ልጆች ቆዳችን ላይ የሆነ ነገር ሲያሳክከን ውሃ እንደፋበታለን፣ በፎጣ እንፈትጋለን። ባሕር ላይ ሁለቱም ነገር ያባብሳሉ። የሃይላንድ ውሃ ስታፈሱበት ገና ያልተኮሱት ከረጢቶች ይተኩሳሉ፣ መፈተግም እንደዚያው። አሸዋም አይሆንም። ሽንት የሚለውንማ እርሱት፣ አይጠቅምም። ክሩን በወረንጦ አንሱ፣ ከዚያ የተነደፈውን ቦታ ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ፣ ቆዳ በሚችለው ሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙት፣ ሕመሙን የሚያበርደው እሱ ነው። አቼቶ ለአውስትራሊያው ቦክስ ጄሊፊሽ የታወቀ ነው፣ ለሌሎች ዝርያዎች ግን አንዳንዴ ነገር ያባብሳል፣ ስለዚህ ከማፍሰሳችሁ በፊት የአካባቢውን አስጎብኚ ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ፊት ካበጠ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ክሬሙስ? «ሴፍ ሲ» የሚባል ለጄሊፊሽ ተብሎ የተሠራ ሰንስክሪን አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጎ ፈቃደኞች ክንድ ላይ ሞክሮት ንድፊያውን በደንብ እንደቀነሰ አሳይቷል፣ ጨርሶ ግን አላስቀረም። እኔ ፊቴንና እጄን ልቀባው እችላለሁ፣ በልብስ ፋንታ ግን አልተማመንበትም። ተራ ሰንስክሪን ወይም ቫዝሊን ቀብታችሁ ተከላከልኩ እንዳትሉ ብቻ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ልብሱን ጣና ላይ ለብሼው ስወጣ ዳር ላይ የሚዋኙት ልጆች «ስፓይደርማን መጣ!» ብለው ሳቁብኝ፣ ይሁን። ለፀሐይ አንደኛ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቀትር ላይ ጀርባን የሚልጥ ፀሐይ አለን፣ ዩፒኤፍ 50 (የፀሐይ ጨረር የመከላከል ልክ) የሚል ልብስ በጀልባ ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ብቻም ያስፈልጋል። ግን አንድ ወዳጄ «ጄሊፊሽ ካቆመ ቢልሃርዚያንማ!» ሲለኝ ደነገጥኩ። አያቆምም። ቢልሃርዚያ ሌላ ነገር ነው። ጥገኛው የሚወጣው ከቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይበዛል፣ እየዋኘ መጥቶ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። አያቃጥልም፣ ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። እጃችሁም እግራችሁም ፊታችሁም ባዶ ሆኖ፣ ውሃ የጠጣ ስስ ጨርቅ ላይ መተማመን ራስን መሸወድ ነው። ዳሩን ትታችሁ ከጀልባ ወደ ጥልቁ ግቡ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል የታወቀ መድኃኒት አለው።

ስለ አገዛዙ፦ እዚህ ከተማ ሱቅ ውስጥ አላገኘሁትም፣ ያለው ተራ የዋና ልብስ ነው። እኔ በኦንላይን አዝዤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው ያስመጣሁት፣ ዋጋው እንደ ዶላሩ ነው። ሻጩ የላከልኝ የልኬት ሰንጠረዥ የውሸት ነበር፣ ልብሱ እግሬ ላይ በአንድ ጣት አጠረ፣ ስጽፍለት ዝም አለኝ። ስለዚህ ደረትና ወገብ ብቻ ሳይሆን ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ቁመት ለክታችሁ ላኩ። ረጅም ከሆናችሁ ሁለት ቁራጭ፣ ሱሪና ሸሚዝ የሆነውን አትግዙ፣ ስትዋኙ ወገብ ላይ ይከፈታል።

ያጠረውን ገበያ ጋ ያለ ልብስ ሰፊ ቀጠለልኝ። የመጀመሪያው ሰፊ በቀጥታ ስፌት ሠርቶት እግሬን ሳስገባ ጠረር ብሎ ተበጠሰ። ሁለተኛው በዚግዛግ ሰፋው፣ እስካሁን አለ። እኚህ ሁለተኛው ሰፊ፣ ጋሼ፣ ጨርቁን አይተው «ይሄ ጨርቅ ላብ ይመጥጣል?» ሲሉኝ የባሕር እንስሳ መከላከያ ነው ብላቸው አላመኑኝም፣ ሂሳቡን ግን ቀነሱልኝ።