«ነካሁ» ለሚሉት ሲስተራችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ክፍል የምንሠራ ባልደረቦች ነን። ምስጋናው ለስክራብ ነርሳችን፣ ማለትም በኦፕሬሽን ጊዜ ከሐኪሙ ጎን ቆመው ዕቃ ለሚያቀብሉት ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ሲስተር» እያልን እንቀጥላለን። ጥቆማው ደግሞ ኦፕሬሽን ክፍል መግባት ለምትፈልጉ ነርሶችና ሠልጣኝ ለምትልኩ ሆስፒታሎች ነው፦ ይህን ሥራ መማር የፈለገ እሳቸው ጎን ይቁም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ሙያውን «ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት» ሲባል ትሰሙታላችሁ። እዚያ ራሱን የቻለ ትምህርት ስላለው ነርስ መሆን ግድ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ቦታውን የሚይዘው ነርስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሥራ ግን ያው ነው።

ብዙ ሰው «መቀስ ማቀበል» ይለዋል። እስቲ ሲስተር ኒድል ሆልደር (የመርፌ መያዣ) ሲያቀብሉ ልብ ብላችሁ እዩ። መርፌው የተያዘው ከሹሉ ጫፍ ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው፤ ክሩ ከገባበት ከኋላው ቢያዝ እዚያ ደካማ ስለሆነ ይጣመማል፣ ይሰበራልም። እጀታው ሐኪሙ መዳፍ ላይ ልክ ይቀመጣል። ሐኪሙ ዓይኑን ከቁስሉ አይነቅልም፣ ዕቃውንም እጁ ላይ አያገላብጥም። ስካልፔል (የኦፕሬሽን ቢላ) ሲሆን ከእጅ ወደ እጅ የለም፤ በኪድኒ ዲሽ (የኩላሊት ቅርጽ ባለው ሳህን) ሆኖ ይሄዳል፣ በኪድኒ ዲሽ ይመለሳል። ብሌዱን (ስለቱን) እጀታው ላይ የሚያስገቡትም የሚያወጡትም በመያዣ ነው፣ በጣት ሞክሮ የተቆረጠ ብዙ ነውና። ሐኪም ቸኩሎ በሜትዘንባም (ሥጋ በሚቆረጥበት ስስ መቀስ) ክር ሊቆርጥ ሲል ክር መቁረጫው ሜዮ መቀስ ቀድሞ እጁ ውስጥ ይገባል። ሜትዘንባም ክር ከለመደ ይደንዛል፤ የደነዘ መቀስ ሥጋ ያኝካል።

ይህ ሁሉ ግን በልምምድ የሚመጣ ነው። ሲስተርን ሲስተር ያደረጋቸው ቆጠራው ነው።

በሲ.ኤስ. (በኦፕሬሽን ማዋለድ) ጊዜ አራት ጊዜ ይቆጥራሉ፦ ብሌድ ቆዳ ሳይነካ፣ ማህፀን ሳይዘጋ፣ ሆድ ሳይዘጋ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቆዳ ሳይሰፋ። ከጠረጴዛው ውጭ ሆና ዕቃ ከምታቀርበው ከረነር ነርሷ ጋር፣ ጮክ ብለው፣ ሁለቱም እያዩ። ደም የሚመጠጥበት ጋውዝ አምስት አምስት ሆኖ ቢታሰርም «አምስት ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ እያንዳንዱ ተለይቶ ይገለጣል። ሁለት ተጣብቀው እንደ አንድ የሚቆጠሩት በዚህች ቅጽበት ነዋ። አራት ወይም ስድስት የሆነ እስር ከተገኘ አይሞላም፣ አይቀነስም፤ ኦፕሬሽኑ ሳይጀመር እስሩ እንዳለ ከክፍሉ ይወጣል። ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ በመሃል የተጨመረውም ወዲያው ይደመራል። በቃል የሚያዝ ነገር የለም።

ሂሳቡ ካልገጠመ ሲስተር ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «አንድ ጎድሏል፣ አይዘጋ» ይላሉ። ሐኪሙ ከማህፀን ኋላና ሆድ ውስጥ በሁለቱም ጎን ይፈልጋል። ረነሯ ባልዲውን፣ ወለሉን፣ የድሬፑን (በሽተኛዋ የተሸፈነችበትን ጨርቅ) እጥፋት፣ የእንግዴ ልጁን ሳህን ታያለች። በደም የራሰ ጋውዝ እንግዴ ልጅ ላይ ከተለጠፈ ቀለማቸው አንድ ነው፤ በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው የሚለየው። «ካልተገኘ ኤክስሬይ ይነሳ» ማለት ደግሞ ሁልጊዜ አያዋጣም። ከጥቅል ተቆርጦ እዚያው ሆስፒታል የሚታጠፈው ጋውዝ ኤክስሬይ ላይ የሚታይ ክር የለውም። ስለዚህ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ትንሽ ጋውዝ ለብቻው ወደ ውስጥ አይገባም፣ በስፖንጅ ሆልደር (በረጅም የጋውዝ መያዣ) ተይዞ ካልሆነ። የፓኩ (ሆድ ውስጥ የሚገባው ትልቅ ጨርቅ) ጅራትም በአርተሪ ፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) ተይዞ ውጭ ይቀራል።

ዕቃ ሲከፍቱም እንዲሁ ናቸው። የእኛ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) የተጠቀለለ ዕቃ በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው የሚያበስለው። ከላይ የተለጠፈው ቴፕ መጥቆሩ እሽጉ ሙቀት ማየቱን ብቻ ይናገራል፤ እንፋሎቱ መሃል መድረሱን የሚነግራቸው ውስጥ ያለው ኢንዲኬተር (ቀለም የሚቀይር ምልክት) ነው። እሽጉ እርጥብ ሆኖ ከመጣ፣ ሐኪሙ ታጥቦ እጁን አንስቶ እየጠበቀም ቢሆን ይመለሳል፤ እርጥብ ጨርቅ ጀርም ያሳልፋል። ይህን ጊዜ የሚያኮርፍ ሐኪም አይጠፋም። ሲስተር መልስ አይሰጡም፣ ሌላ የዕቃ እሽግ ያስመጣሉ።

አሁን ስለ ጠባይ። የጓንታቸው ጫፍ ከጀርም ያልጸዳውን የመብራቱን ጠርዝ ነካ እንበል። ሐኪሙ አላየም፣ ረነሯም አላየችም። ሲስተር «ነካሁ፣ ጓንት» ብለው ሌላ ጓንት ይጠይቃሉ፤ ጓንት አጥሮ በጥንድ በሚቆጠርበት ሳምንትም ያው ናቸው። ሠልጣኝ ሲመርጡም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እጁ ቀርፋፋ የሆነን ልጅ በትዕግሥት ያስተምራሉ፣ ቀርፋፋ ይፈጥናል። ነክቶ ዝም ያለውን ግን ዳግመኛ ጠረጴዛ አያስጠጉም። ከበደ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኛ ልክ ነው እንላለን።

ሠልጣኝ የምትልኩ፣ ከሁለት በላይ አንድ ላይ አይቀበሉምና አታብዙ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱንም፣ ማለትም የመጀመሪያውን፣ የአንድ ወሩንና የስድስት ወሩን ዶዝ የጨረሰ ይሁን። መርፌ የወጋው ሰው ቁስሉን እንዳይጨምቅ፣ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው እንዲያሳውቅ ከመምጣቱ በፊት ይነገረው፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም። የመጀመሪያው ሳምንት ጋውዝ ማጠፍ፣ ዕቃ ማጠብና መቁጠር ብቻ ስለሆነ ማንም ቅር እንዳይለው።

ለሠልጣኞቹ ደግሞ፦ ጉልበታችሁን ገትራችሁ አትቁሙ፣ ደሙ እግር ላይ ቀርቶ ራስ ያዞራል። ጥፍር ተቆርጦ፣ ቀለበትና ሰዓት ቤት ቀርቶ፣ ቁርስ ተበልቶ ኑ። በሩ ላይ «ሲስተርን ፈልጌ» ማለት ይበቃል።