ለሱቅ ሽያጭ የትኛው ዳሽቦርድ ይሻላል? ኤክሴል፣ ሉከር ስቱዲዮ፣ ፓወር ቢአይ ወይስ ታብሎ

ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12። የአምናውን ሽያጭ ብቻ አይቶ የሚተነብይ ፕሮግራም የ2017ንም ግርግር የሚጠብቀው ወደ ወሩ መጨረሻ ነው። እሱ «እንቁላል እዘዙ» ሲል ዶሮው ተበልቶ አልቋል።

ስለዚህ እኔ ዳሽቦርድ (የሽያጩን ቁጥር በግራፍ ጠቅልሎ የሚያሳይ ገጽ) ሳማርጥ መጀመሪያ የማየው የእኛን በዓልና ጾም እንዴት ላስገባለት እንደምችል ነው። የግራፉ ቀለም በኋላ ይደርሳል።

ኤክሴልን አብዛኛው ሱቅ ቀድሞም ያውቀዋል። በፈረንጆቹ 2016 ከወጣው ስሪት ወዲህ «ፎርካስት ሺት» የሚባል አለው። የቀንና የሽያጭ ዓምዶችን መርጣችሁ ስትጫኑት የወደፊቱን መስመር ከነከፍተኛና ዝቅተኛ ግምቱ ይስልላችኋል። ችግሩ ፋይሉ ነው። አንዱ የሂሳብ ሠራተኛዋ ጋ፣ አንዱ ባለቤቱ ጋ፣ «የመጨረሻ» የሚል፣ «የመጨረሻ 2» የሚል...

ሉከር ስቱዲዮ፣ የድሮው ዳታ ስቱዲዮ፣ ነፃ ነው። ሻጯ ማታ በስልኳ ጎግል ሺት (በኢንተርኔት የሚሠራ፣ ኤክሴል መሰል ሰንጠረዥ) ላይ ትሞላለች፤ ሉከር ከዚያ አንብቦ ይስላል፣ ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ያያል። ትንበያ ላይ ግን ደካማ ነው። ሽያጩ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈውን ስሌት ሺቱ ላይ ራሳችሁ መሥራት አለባችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል።

ጉልበት ያለው ፓወር ቢአይ ነው። የሽያጭ፣ የዕቃና የቀን ሰንጠረዦችን ለየብቻ አስገብታችሁ ታያይዛላችሁ። የቀን ሰንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን የኢትዮጵያ ወሩን፣ ጾም መሆን አለመሆኑንና ለፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው ጻፉ። ከዚያ «ከፋሲካ በፊት ያሉት 7 ቀናት» ብላችሁ የ2016ን ከ2017 ጎን ለጎን ማየት ትችላላችሁ። አብሮት የሚመጣው የትንበያ መስመር ግን ይህን ሰንጠረዥ አያነበውም፤ ያለፈውን መስመር ብቻ አይቶ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ ለበዓል ሰሞን እኔ የማምነው ጎን ለጎን የቆመውን ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነፃ ነው፣ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ማጋራት ሲመጣ ነው ወጪው፦ የሚልከውም የሚያየውም እያንዳንዳቸው በወር 14 ዶላር ይከፍላሉ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ታብሎ ግሩም ነው፤ ግን ሙሉው ፈቃድ ለአንድ ሰው በወር 75 ዶላር ነው። ለአንድ ሱቅ በዛ። ነፃው «ታብሎ ፐብሊክ» ላይ ያወጣችሁትን ደግሞ ጎረቤት ሱቅም ያየዋል።

ትርፍን በተመለከተ አራቱም እኩል የዋህ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የብር ሽያጫችሁ ግራፍ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፣ የተሸጠው ዕቃ ግን ቀንሶ። ከብሩ አጠገብ ብዛቱን አስቀምጡ። በ80 ብር የገዛችሁትን በ100 ሸጣችሁ፣ መልሳችሁ ስትገዙት 110 ከሆነ ዳሽቦርዱ «20 ብር ትርፍ» ይላል። «ዛሬ የሚገዛበት ዋጋ» የሚል ዓምድ ካልጨመራችሁ እውነቱን አይነግራችሁም።

የእኔ ምርጫ? ለአንድ ሱቅ ጎግል ሺትና ሉከር። ኤክሴል ላይ እጁ የፈታ የሂሳብ ሰው ካላችሁ እዚያው ቆዩ። ሦስትና አራት ቅርንጫፍ ካላችሁ ፓወር ቢአይ ወጪውን ይመልሳል።

የትኛውንም ብትይዙ ጳጉሜን ከ30 ቀን ወር ጎን በድምር አታቁሟት፤ ሱቁ የከሰረ ይመስላል። በቀን አማካይ አስሏት። የእንቁጣጣሽ ገበያ ያለው እዚያች 5 ወይም 6 ቀን ውስጥ ነው።