ኮሞዶር 64 ከወራት በኋላ፦ የወደድኩለትና ያስቸገረኝ

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። እኔ ደግሞ ዛሬም ብዙ ምሽቶቼን ከእሱ ጋር አሳልፋለሁ። ከገዛሁት ወራት አልፈዋል፤ የመጀመሪያው ሰሞን ሆይ ሆይታም በርዷል። አሁን በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ መናገር እችላለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ካገኘሁ ሳልፈታው አላድርም። ኮድ መጻፍ የጀመርኩትም በዚያው ፍላጎት ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ። የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያጠናቸው አይጨርሳቸውም። እኔ የፈለግኩት ከዳር እስከ ዳር ላውቀው የምችለው ማሽን ነበር። በዚህ በኩል ከጠበቅኩት በላይ ሆኖልኛል።

ስታበሩት ሰማያዊው ስክሪን ቶሎ ይመጣል። ቤዚክ ለተባለው አብሮት ለሚመጣው የፕሮግራም ቋንቋ 38911 ባይት ነፃ ቦታ እንዳለ ይነግራችኋል። ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ግን 64 ኪሎባይት ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው ከሮም (ቋሚ ፕሮግራሞችን ከያዘው ማህደረ ትውስታ) ሥር ተደብቋል። አድራሻ 1 ላይ ያለውን ቁጥር ስትቀይሩ ሮሙ ገለል ይልና የተደበቀው ራም ይገኛል። ፖክ አንድ አድራሻ ላይ ቁጥር የሚያስቀምጥ የቤዚክ ትእዛዝ ነው፤ «ፖክ 53280፣0» ብላችሁ ስትጽፉ የስክሪኑ ጠርዝ ይጠቁራል። መሃል ላይ ድራይቨር (አገናኝ ፕሮግራም) የለም፣ ፈቃድ የሚጠይቅም የለም። ቁጥሩ በቀጥታ የስዕል ቺፑ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ሰው ቤዚኩን ያማርራል። እውነት አለው። ለስዕልም ለድምፅም የሚሆን ትእዛዝ የለውም፤ ሁሉም ነገር በፖክ ነው። ቀርፋፋም ነው። ስክሪኑ 40 በ25፣ በድምሩ 1000 ፊደል ይይዛል። በቤዚክ አንድ በአንድ ስትሞሉት ሰከንዶች ይፈጃል፤ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ በሚያዘው ቋንቋ፣ በአሴምብሊ፣ ግን ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ወደ አሴምብሊ የገፋኝ ይህ ልዩነት ነው። 6510 የተባለው ፕሮሰሰር ለሥራ የሚሰጣችሁ ኤ፣ ኤክስ እና ዋይ የሚባሉ ሦስት ሬጂስተሮችን (ትናንሽ የቁጥር መያዣዎችን) ነው። ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። የእኔ ፓል የተባለውን የአውሮፓ የቲቪ ሥርዓት የሚከተል ዓይነት ስለሆነ ስክሪኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ይሳላል፤ ለእያንዳንዱ መስመር 63 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ ምት) አለ። ፊደል በሚታይበት ቦታ ደግሞ በየስምንት መስመሩ አንዴ የስዕል ቺፑ 40 ያህሉን ለራሱ ይወስዳል። ቀለም በትክክለኛው መስመር ላይ እንዲቀየር ከተፈለገ እያንዳንዷ ሳይክል መቆጠር አለባት። ይህን ስሠራ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ። አንዳቸውም አይቆጩኝም። በሥራዬ ላይ ኮድ ስጽፍ እንኳ አሁን ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ድምፁን በተመለከተ አድልዎ አለብኝ፣ በጣም እወደዋለሁ። መሐንዲሱ ቦብ ያነስ የነደፈው ሲድ የተባለው የድምፅ ቺፕ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ግን የድምፁን ቃና የሚቀርፅ እውነተኛ አናሎግ ፊልተር አለው። 6581 የተባለው የመጀመሪያው የሲድ ዓይነት ፊልተር ጠባይ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ሙዚቃ በሁለት ማሽኖች ላይ ትንሽ ተለያይቶ ይሰማል። ቺፑ ሲሠራ ይግላል፤ እኔ ትንሽ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) ለጥፌበታለሁ።

አሁን ወደ ችግሩ። ከሁሉም በላይ አደገኛው የድሮው ፓወር ሰፕላይ ነው። 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ሲያረጅ 5 ቮልት የሚቆጣጠረው ክፍል ይበላሽና ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ራሙን ያቃጥላል። ብዙዎቹ ውስጣቸው በኢፖክሲ (በደረቅ ሙጫ) የተሞላ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን አይታሰብም። ማሽኑ ጋር የመጣውን አንዴም አልሰካሁትም። አዲስ የተሠራ ገዛሁ። እባካችሁ በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

በነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ብቻ ተበላሽቶብኛል። ሳበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ በየትኛው አድራሻ የትኛው ቺፕ እንደሚመልስ የሚወስነው ፒኤልኤ የሚባለው ቺፕ ላይ ነበር፤ በዚህ ማሽን ላይ ቶሎ በመሞት የታወቀ ነው። ነቅዬ ሶኬት በየድኩበት፣ አዲስ የተሠራ ምትክም ሰካሁ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ኪቦርዱ ጠንካራ ነው፣ ቅሬታ የለኝም።

የ1541 ዲስክ ድራይቩ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። የራሱ 6502 ፕሮሰሰር አለው፤ ነገር ግን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር በጣም ዘገምተኛ ነው። 30 ኪሎባይት ፕሮግራም ለመጫን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ለዘወትር ሥራ ኤስዲ ካርድ የሚያነብ ዕቃ ሰክቼበታለሁ። ምስሉም በአዲስ ጠፍጣፋ ቲቪ ላይ ይደበዝዛል፤ የድሮው ወፍራም ቲቪ ይሻለዋል። ቦታ ይበላል እንጂ።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቫይስ የተባለውን ነፃ ኢሙሌተር (ማሽኑን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ሞክሩ። በፖክ መጫወት ካስደሰታችሁ እውነተኛውን ፈልጉ። ስትገዙም በርቶ ሳታዩት ገንዘብ አትስጡ። 38911 የሚለው ቁጥር መውጣቱን አረጋግጡ፤ ከሱ ያነሰ ካወጣ ራሙ ላይ ችግር መኖሩ አይቀርም። ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ፣ ሦስቱንም ድምፆች አሰሙ።