«50 ሺህ» የሚል ፓወር ባንክ ሲያሳዩዋችሁ መጀመሪያ በእጃችሁ መዝኑት

ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በእግሩ የሚሄድ ሰው ሳያያቸው አያልፍም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፐርሰንት የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ያለው ፓወር ባንክ። ጀርባው ላይ በትልቁ 50000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh፣ ባትሪው የሚይዘው መጠን) ተጽፏል። «ፈጣን ቻርጅ ነው» የሚባል ኬብልም ይመረቅበታል። ዋጋው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው ደህና የ10 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ያንሳል። መብራት እልም በሚልበት ከተማ ማን አይፈተንም? ወገን፣ እንዳትገዙት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፓወር ባንክ ማለት ሊቲየም ባትሪ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው፣ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ድብልብል ባትሪ ነው። ከዚህ ዓይነት በጣም ጥሩ የሚባለው 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል። አንዱ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። 50 ሺህ ለመድረስ እንግዲህ 15 ፍሬ ገደማ ያስፈልጋል። ባትሪው ብቻ ከ700 ግራም በላይ ይሆናል። ሽፋኑና ሰርኪዩቱ ሲጨመር አንድ ኪሎ ስኳር የያዛችሁ ያህል ሊከብዳችሁ ይገባል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ግን ከስልክ እምብዛም አይከብድም።

ከበድ ካለም ቶሎ አትመኑ። የእህቴ ልጅ የገዛውን አንድ ጠጋኝ ሲከፍተው አጠገቡ ነበርኩ። አራት ድብልብል ባትሪዎች ተደርድረዋል። ሽቦ የተበየደላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ሽቦ የሚባል ነገር አልነካቸውም። አንዱን በፒንሳ ላጥ ሲያደርገው ጠረጴዛው ላይ ደቃቅ አሸዋ ፈሰሰ። አሸዋ! ለክብደት ተብሎ የገባ ነው። ቀሎ ከተገኘ ውሸት መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ከብዶ ከተገኘ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

ቁጥሩ እውነት ቢሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 50 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ማለት 50 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 185 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ፓወር ባንክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከ100 በታች ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ በመሃል ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቦሌ ላይ ፈታሹ የሚያነበው የተጻፈውን ነው፤ ውስጡ አሸዋ መሆኑን ብትነግሩት አይሰማችሁም።

እውነተኛዎቹ ላይም ቢሆን ትልቁን ቁጥር ብቻ አትዩ። 10000 የሚለው የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ ስልክ ሲወጣ 5 ቮልት ስለሚሆን፣ በሙቀት የሚባክንም ስላለ፣ የሚደርሳችሁ 6 ሺህ ምናምን ነው። ጥሩ አምራች ይህንን በትንንሽ ፊደል ከታች ይጽፈዋል። ባለ 5000 ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ከሞላ ጤነኛ ነው፤ «ሁለቴ አልሞላም» ብላችሁ ከሻጭ ጋር አትጣሉ።

እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ዕቃው አልሠራ ሲል ሻጩ «ስልክህ ነው ችግሩ፣ ባትሪው ደክሟል» ይላል። ጎኑ ያለው ጠጋኝ ደግሞ ባትሪ ሊቀይር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሰው ለማይሠራ ቻርጀር ከፍሎ፣ ጤነኛ ባትሪውን አስወጥቶ ሌላ ፌክ ያስገባል።

ስለዚህ ባትሪ ከማስቀየራችሁ በፊት አንድ አንድ እያላችሁ ለዩ። መጀመሪያ ዲቫይደሩን ተዉትና ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩ። ከዚያ ቤት ውስጥ ወይም ቢሮ ካለ ሰው ኦርጅናል ቻርጀር ከነኬብሉ ተዋሱ። በእሱ ደህና ከሞላ ባትሪያችሁ ከደሙ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የተዋሳችሁትን ኬብል ብቻ ወደ ራሳችሁ ቻርጀር አዙሩ፤ ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ በጣም የቀጠነ ይሆንና በቂ የኤሌክትሪክ ጅረት አያሳልፍም። በሁሉም ቻርጀር እምቢ ካለ የስልኩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዩት። የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቲኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ በመርፌ አይሞከርም። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ስልኩ 40 ፐርሰንት ላይ እያለ ድርግም የሚል ከሆነ፣ አዎ፣ ያኔ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀርም ያታልላል። ፊቱ ላይ «120 ዋት» ይላል። አዙሩትና አውትፑት የሚለውን መስመር አንብቡ። 5 ቮልት 2 አምፒር ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱን አባዙት፣ 10 ዋት ነው። በቃ። ቻርጅ ላይ እያለ ስክሪኑ ራሱን የሚነካካ ከሆነ ወይም የስልኩ ብረት እጃችሁን ነዘር ካደረገ ደግሞ ነቅላችሁ ጣሉት። በ220 ቮልቱና በእናንተ መካከል ያለው እሱ ነው።

ሻጮቹን ላለመበደል አንድ ነገር ልጨምር። ለጆሮ ማዳመጫ ወይም ለትንሽ ሰዓት ስትሰኩት ፓወር ባንኩ ከደቂቃ በኋላ ቢጠፋ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የሚስበው ጅረት ትንሽ ስለሆነ ምንም ያልተሰካበት ይመስለዋል።

የምትገዙ ከሆነ ደረሰኝ ከሚቆርጥ ሱቅ ግዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ስላያችሁ ብቻ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የእግረኛ መንገድ ላይ ግን ነገ ሻጩን ራሱን የምታገኙት በዕድል ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ትራስ ሥር አታስቀምጡት፤ ሌሊት ሰክታችሁም አትተኙ። ጎኑ ካበጠ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ። ልውጋው ብላችሁ እንዳትሞክሩ፣ በእሳት ይያያዛል። ከሚቀጣጠል ነገር አርቁትና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አድርጉት።